ትል የማይነካው በቆሎ፦ ከኦሞ ናዳ የተነሳ ጥያቄና ያስከተለው ሙግት

የኢንተርኔት መድረካችን የጅማ ዙሪያ ገበሬዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና እንዲሁ ወሬ የምንወድ ሰዎች የምንገናኝበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው የቡና ዋጋና የማዳበሪያ መዘግየት ነው። ሰሞኑን ግን አንድ የበቆሎ ጥያቄ መጣና ሌላውን ሁሉ አስረሳን። 33 መልስ ተከትሎታል። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ግማሹ ንትርክ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ሁሉንም ማንበብ ግዴታዬ ነበር። ጊዜ ላጣችሁ በተራ ቁጥሩ እየሄድኩ ልንገራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ የራሴንም አስተያየት አልደብቅም።

መነሻው ጽሑፍ

ጠያቂው የኦሞ ናዳ ልጅ ነው። አምና ወንድሙ ከገበያ የበቆሎ ዘር ገዛ። ሻጩ ትል አይነካውም ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠለት። ምርቱም አንጀት የሚያርስ ነበር። ዘንድሮ ከዚያው ምርት ላይ ዘር አስቀርቶ ዘራ። አሁን ማሳው ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አንዱ አገዳ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፤ ፍሬው የሳሳ፤ ትሉም እንደ ልቡ ገብቶበታል።

ልጁ ከዚህ ተነስቶ ሦስት ነገር ደመደመ። ዘሩ ጂኤምኦ፣ ማለትም ዘረ-መሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ነው። ሁለተኛ እንዳያፈራ ታስቦ የተሠራ ነው። የበላው ሰውም ውሎ አድሮ መታመሙ አይቀርም። በትሕትና ነው የጻፈው። እናታቸው እሸቱን መብላት አልተወችም፣ እሱ ደግሞ ፈርቷል። የሚያውቅ እንዲያስረዳው ለመነ።

ከ1 እስከ 8፦ ዘሩ ምን ነበር?

1ኛው መልስ የመጣው ከዴዶ ነው። አንዲት እናት በእሳቸውም ማሳ ልክ እንዲህ እንደሆነ ጽፈው፣ ልጁን አይዞህ አሉት። ምክንያቱን ግን አልነገሩትም።

2ኛው ላይ አንድ የሰብል ባለሙያ ገባ። ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። ልጁ የገለጸው ሁሉ የድቅል በቆሎ ጠባይ ነው አለ። ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ወላጆች ይዳቀላሉ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ወጥና ጉልበታም ይሆናል። ከእሱ ዘር አስቀርተህ ስትዘራ የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል፤ ረጅሙም አጭሩም ይወጣል፣ ምርቱም ይወርዳል። በእኛ አካባቢ የሚዘሩት ቢኤች 661 እና ሊሙ የሚባሉት ዝርያዎች ድቅል ናቸው። ድቅል ደግሞ የአበባ ብናኝ በመቆጣጠር የሚሠራ ሥራ እንጂ በላቦራቶሪ የሌላ ፍጡር ዘረ-መል የሚገባበት አይደለም። ትል አይነካውም የሚለውን በተመለከተ ሻጭ ያልማለበት ነገር የለም ብሎ አለፈው። እዚህ ላይ ሳቅኩ።

3ኛው አጭር ነው፤ ታዲያ ጂኤምኦ የሚባለው የቱ ነው? ባለሙያው በ4ኛው ተመለሰ። እኛ አገር በ2010 ዓ.ም. ለገበሬ እንዲለቀቅ የተፈቀደው ቢቲ ጥጥ ነው፤ ከባክቴሪያ በተወሰደ ዘረ-መል የጥጥ ጓይ ትልን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ። በዚያው ዓመት ድርቅንና አገዳ ቆርቁርን የሚቋቋም በቆሎ በታጠረ ማሳ ላይ እንዲሞከር ፈቃድ ተሰጠ። ሙከራው የተካሄደው መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የኦሞ ናዳው ማሳ ግን ያለ ጂኤምኦም ይብራራል፤ ድቅል መሆኑ ብቻ ይበቃዋል።

5ኛው መልስ አንድ ቃል ነው። ውሸት ይላል። ማንን እንደሆነ እንኳን አልነገረንም።

6ኛው ወደ ሁለተኛው ፍርሃት ወሰደን። ኩባንያዎች መካን ዘር እንደሠሩና ገበሬውን ዕድሜ ልኩን ገዢ ለማድረግ እንዳሰቡ የጻፈ የአጋሮ ሰው ነው። 7ኛው አረመው። እንዲህ ያለ ዘዴ በእርግጥ ታስቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። ዓለም ግን ተቃወመ። በማግስቱ ዓመት ሞንሳንቶ ወደ ገበያ እንደማያወጣው ቃል ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች ዘዴው በማሳ እንዳይሞከር ወሰኑ። ለገበሬ የተሸጠ መካን ዘር የለም። የአጋሮው ሰው በ8ኛው እጁን አልሰጠም። ያሰበ ሰው ነገም ያስባል ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህኛው አልፈርድበትም። ዘሩ አለመሸጡ አንድ ነገር ነው፤ ሐሳቡ ከማን ጭንቅላት እንደወጣ ማስታወስ ደግሞ ሌላ።

ከ9 እስከ 16፦ የሆድ ጉዳይ

መድረኩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 9ኛው መልስ ትልልቅ ዕጢ ያበቀሉ አይጦችን ፎቶ ለጠፈ። ስልክ ያለው ሁሉ አይቶታል፤ በየመንደሩ የዞረ ፎቶ ነው።

10ኛው የጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ፎቶው የሰራሊኒ ጥናት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳች። ፈረንሳዊው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙት። በ2013 መጽሔቱ መልሶ ሰረዘው፤ በ2014 ሌላ መጽሔት ላይ በድጋሚ ወጣ። ችግሩ በየቡድኑ የነበሩት አይጦች ጥቂት መሆናቸው ነበር። የአይጦቹ ዘር ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ምንም ሳይደረግበት ዕጢ የሚያበዛ ነው። ስለዚህ በቆሎው ያመጣውን እና እርጅና ያመጣውን መለየት አይቻልም። ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው።

11ኛው ግን ማን ከፍሎሽ ነው አላት። ማስረጃ ላመጣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ደሜ ይፈላል። እሷ መልስ አልሰጠችም፤ ደግ አደረገች።

12ኛው ላይ አንዲት የከተማ እናት ክርክሩን ትታችሁ ለልጄ ላብላ ወይስ አላብላ የሚለውን ንገሩኝ አለች። 13ኛው የሰብል ባለሙያችን ነው። ቢቲ የሚባለው አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ይባላል። የሚያመነጨው ፕሮቲን ትሉ አንጀት ውስጥ ሲገባ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ይበሳዋል። የሰው ጨጓራ አሲድ ነው፣ ፕሮቲኑ የሚይዝበት ተቀባይም የለውም። ያለ ኬሚካል የሚያመርቱ ገበሬዎች ራሳቸው ባክቴሪያውን ለአሥርተ ዓመታት ሲረጩት ኖረዋል። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ትልቅ ግምገማ፣ ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ሰብሎች ከተለመዱት የበለጠ ጤና እንደሚጎዱ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ደቡብ አፍሪካውያንም ነጩን ልውጥ በቆሎ ገንፎ አድርገው ከበሉት ሃያ ዓመት አልፏል።

ባለሙያው ሌላም ጨመረ፤ እኔ የወደድኩለትም ይህንን ነው። አደጋ ጭራሽ የለም አላለም። የብራዚል ነት ከሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ ዘረ-መል የገባበት አኩሪ አተር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተሠርቶ ነበር። ሲመረመር ለነቱ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች እንደሚነካ ታወቀ። ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር በየራሱ መመርመር አለበት፤ በጅምላ ጥሩ ነው፣ በጅምላ መርዝ ነው ማለት አይሠራም።

14ኛው ጸረ-አረም ኬሚካል አነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴት የተባለውን ጸረ-አረም ለሰው ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። እውነት ነው። ግን ያ ጉዳይ የሚነካው ጸረ-አረም እንዲቋቋሙ የተሠሩትን ሰብሎች ነው። ትል የሚቋቋመው በቆሎ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሁለቱን አንድ ላይ መቀቀል እዚህ መድረክ ላይ የተለመደ ነው።

15ኛው ስድብ ነበር፤ 16ኛው የስድቡ መልስ። ሁለቱንም አጠፋኋቸው።

ከ17 እስከ 20፦ የሕጉ ጉዳይ

17ኛውን የጻፉት ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ናቸው። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርን አስታወሱን። አፍሪካን ወክለው፣ ልውጥ ሕያዋን ከአገር አገር ሲሻገሩ የሚመሩበት ስምምነት በሆነው በካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር የተሟገቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙ፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። ልውጥ ሰብሎችን የሚቆጣጠረው የ2001ዱ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ፣ ቁጥር 655፣ ጥብቅ የነበረው እኚህ ሰው ስለለፉበት ነው ባይ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይፈራም አሉ፤ አገሪቱ የብዙ ሰብል መገኛ ስለሆነች ነው።

18ኛው በአክብሮት ተቃወማቸው። አዋጁ ከመጥበቁ የተነሳ የእኛው ተመራማሪዎች እንኳን መሞከር አቅቷቸው ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 የተሻሻለውም ለዚህ ነው። ሌላው ዓለም እየሞከረ እኛ ፈርተን ከተቀመጥን፣ ነገ ጉዳትና ጥቅሙን የሚነግረን የውጭ ሰው ነው አለ። የጋሼ መልስ በ19ኛው አጠር ብሎ መጣ፤ ቅርም አላቸው። ሽማግሌ ሲቆጣ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ በጨዋ ቋንቋ ነው የሚወጋው።

20ኛው ቡርኪና ፋሶን ጠቀሰ። ቢቲ ጥጥን እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምረው በ2016 ተዉት፤ ይኸው መርዝነቱ ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ እኔው ገብቼ አስተካከልኩ። የተዉት ሰው ስለታመመ አይደለም። የጥጡ ጭረት፣ ማለትም ቃጫው፣ አጥሮ በዓለም ገበያ ዋጋቸው ስለወረደ ነው። ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው።

ከ21 እስከ 26፦ ዋናው ነገር

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። 21ኛውን መልስ የጻፈው በእጽዋት ጥበቃ የተመረቀ የሰርቦ ወጣት ነው። የሚበላው ሰው ይታመማል አይታመምም እያላችሁ ስትጨቃጨቁ ማሳውን ረሳችሁት አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ቢቲ በቆሎ መዝራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ2007፣ አንድ አገዳ ቆርቁር ፕሮቲኑን ተለማምዶት በሕይወት እንደሚቆይ ታተመ። የነፍሳቱ ሳይንሳዊ ስም ቡሴዮላ ፉስካ ነው። ይኸው ትል ነው እኛ ደጋማ ማሳ ውስጥም አገዳ እየበሳ የሚያጠፋን። መልካሳ የተሞከረው በቆሎ ላይ ያለው የቢቲ ዘረ-መል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ትሉ የለመደው ዓይነት ነው።

ትሉ እንዳይለምድ መድኃኒቱ መጠለያ ማሳ ነው። ከቢቲው አጠገብ ተራ በቆሎ ይዘራል። እዚያ ያደጉት ያልለመዱ ትሎች ከለመዱት ጋር ተራክበው ልማዱን ያዳክሙታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሕጉ ኬሚካል ካልተረጨ 5 በመቶ፣ ከተረጨ 20 በመቶ ማሳ ለተራ በቆሎ ተዉ ይላል። ብዙ ገበሬዎች ግን አልተዉም፤ መዘዙም መጣ። የሰርቦው ልጅ ጥያቄ ቀላል ነው። ሰፋፊ ማሳ ያላቸው፣ ሕጉን አንብበው የፈረሙ ገበሬዎች ካልተገበሩት፣ ሩብ ሄክታር ያለው የከርሳ ገበሬ ከየት አምጥቶ ነው አምስት በመቶውን ለትል የሚተወው?

22ኛው ጥሩ መልስ ሰጠው። እኛ ዘንድ ማሳው የተበጣጠሰ ነው። የጎረቤት ተራ በቆሎ አለ፣ ማሽላ አለ፣ በየወንዙ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር አለ፤ ትሉ እነዚህንም ይበላል። መጠለያው ሳይታዘዝ በራሱ የተዘራ ነው። ይህን ሳነብ ልቤ ተረጋግቶ ነበር።

23ኛው ግን አናጋው። ባለሙያዋ ሴት ናት፣ የላቦራቶሪዋ አይደለችም፤ ዘር ማባዛት ላይ የሠራች ሌላ ሰው ናት። ወደ መነሻው ጽሑፍ መለሰችን። ገበሬው ድቅልን መልሶ ይዘራል። ድቅሉ ቢቲውን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ከሆነ፣ ተመልሶ ሲዘራ ከአራት አገዳ ሦስቱ ገደማ ዘረ-መሉን ይይዛሉ፣ አንዱ አይይዝም። በቆሎ ብናኙን በንፋስ የሚልክ ሰብል ነው፤ የጎረቤት በቆሎ ላይም አንዱ ፍሬ ቢቲ፣ ሌላው ተራ ይሆናል። ትሉ ደግሞ ከአገዳ ወደ አገዳ፣ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይሻገራል። ከዚህኛው ትንሽ፣ ከዚያኛው ምንም እየቀመሰ ያድጋል። ትልን ለማለማመድ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ማንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ መድኃኒቱ ይበላሻል።

24ኛው ታዲያ ዲኤው ይንገራቸዋ ብሎ አለፈ። የልማት ሠራተኛውን ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። በ25ኛው እኔ ጠየቅኩ፦ ትሉ መልመድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው ገበሬው ነው። ለማን ነው የሚናገረው? ሻጩ ሸጦ ሄዷል። ከረጢቱ ላይ የዝርያው ስም ከሌለ የቱ ዘር እንደከሸፈ እንኳን አይታወቅም። የኦሞ ናዳው ልጅ ስለ ራሱ ዘር ሦስት ነገር የደመደመው የተጻፈ ነገር ስላላየ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ዘረ-መሉ አይደለም። እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም።

26ኛውን የጻፉት የሰቃ ገበሬ ናቸው። ተቆጥተዋል። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች ሲገባብን የት ነበራችሁ ነው ነገሩ። ልጆቻችን ትሉን በእጃቸው ሲለቅሙ፣ እኛ ጓንትም ጭምብልም ሳይኖረን ኬሚካል ስንረጭ ማንም ስለ አደጋ አልተከራከረም። በባዶ እግሬ የረጨሁት መርዝ ከዘረ-መል ያንሳል ወይ? ኦቦ፣ እውነትዎን ነው አልኳቸው በውስጤ። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት የጻፈ ሰው አልነበረም።

ከ27 እስከ 33፦ ቡና፣ ጤፍና ነቀዝ

ጅማ ነውና ወሬው ቡና ሳይነካ አያልቅም። 27ኛው ሰባ አራት ቁጥር ያላቸው የቡና ችግኞች ጂኤምኦ ናቸው አለ። 28ኛው ክው ብሎ ነው የመለሰው፤ መልኮ ምርምር ማዕከል አካባቢ ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የተባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ታየ። በሽታው ያልገደላቸው ዛፎች እየተፈለጉ ተመረጡ። እነ 74110 በ1974 ከኢሉባቦር በኩል የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥሩም የተመረጡበት ዓመት ነው። ዘረ-መላቸውን የነካ የለም፣ ያገራችን ቡና ናቸው። ንግግሩ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ግን የአባቱን ቡና የሰደቡበት ሰው ሌላ እንዴት ይናገራል?

29ኛው ካፌን የሌለውን ቡና አመጣ። ብራዚላውያን እ.ኤ.አ. በ2004 ካፌናቸው እጅግ ያነሰ ሦስት የአረቢካ ዛፎች ማግኘታቸውን አወጁ። ዘሩ በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነው። በዘረ-መል ምሕንድስና የሠሩት አይደለም፤ ተፈጥሮ የሠራችውን ነው ያገኙት። 30ኛው ጤፍን ጨመረ፦ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣውን የባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አድርጎታል። ሁለቱም ጉዳዮች ከጂኤምኦ ጋር አይገናኙም። ሰዎቹ ግን ማዛመዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያንገበግባቸው ዘሩን ማን ወሰደው፣ ማን ባለቤት ሆነ የሚለው ነው። 31ኛው ይህንኑ በሦስት መስመር ቁጭ አድርጎታል፤ ከሙሉው ውይይት በጣም ያጠረና ያማረ መልስ ነው።

32ኛው ከመንደራ ሰፈር ነው። ያ ቢቲ የሚባለው ከነቀዝ ያድነኛል ወይ አለ፤ ጎተራው ሁሌ የሚበላበት ይመስላል። ባለሙያችን በ33ኛው መለሰለት። አያድንም። በቆሎው ላይ ያለው ፕሮቲን የሚሠራው በአባጨጓሬ ዓይነቶቹ ላይ ነው፤ ነቀዝ ጢንዚዛ ነው። ለነቀዝ የሚሻለው በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። አየር ሲያጣ ይሞታል፤ ኬሚካልም አያስፈልግም። ሂርማታ ገበያ ላይ ከማን እንደሚገኝም ጠቆመው። ከዚያ በኋላ አይጥ ከረጢቱን ይበሳዋል አይበሳውም የሚል አዲስ ጭቅጭቅ ስለተጀመረ ውይይቱን ዘግቼ በሌላ እንዲቀጥሉ ጠይቄያቸዋለሁ።